ሁለገብ ስኪ በልዩ ልዩ የበረዶ ዓይነቶች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ጋር የሚያያዘውን ረጅም ጠባብ ሰሌዳ፣ ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስቡ፣ ወይም ትናንት እንደ ልባቸው ሲታዘዝላቸው የዋለው ስኪ ዛሬ ለምን እንዳስቸገራቸው ግራ የገባቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። በቅድሚያ አንድ የቃል ጉዳይ ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «በረዶ» ስንል ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ረግቶ የጠጠረውን ውሃም ማለታችን ሊሆን ይችላል። እዚህ «በረዶ» የሚለው እንደ ጥጥ የሚወርደውን ብቻ ሲመለከት፣ ረግቶ የጠጠረው ደግሞ «ግግር» ተብሏል።

ሁለገብ ስኪ የሚባለው የትኛው ነው?

በአምራቾች ዘንድ ኦል ማውንቴን በመባል የሚታወቀው ሁለገብ ስኪ፣ በማሽን ከተደለደለ መንገድ አንስቶ ማንም እስካልረገጠው ጥልቅ በረዶ ድረስ፣ በአንድ ተራራ ላይ የሚያጋጥመውን ሁሉ በአንድ ጥንድ ለመወጣት ታስቦ የሚሠራ ነው። ከሌሎቹ የሚለይበት ዋና መለኪያ የወገቡ ስፋት፣ ማለትም ጫማው የሚያርፍበት ቀጭን ክፍል ወርድ ነው። ለተደለደለ መንገድ ብቻ የሚሠሩት ስኪዎች ወገባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ65 እስከ 80 ሚሊሜትር፣ የሁለገቦቹ ከ80 እስከ 105 ሚሊሜትር ገደማ፣ ለጥልቅ በረዶ የሚሠሩት ደግሞ ከ110 ሚሊሜትር በላይ ነው። እነዚህ ድንበሮች በደንብ የተደነገጉ ስላልሆኑ አንዱ አምራች ሁለገብ ያለውን ሌላው የጥልቅ በረዶ ስኪ ሊለው ይችላል። ሁሉን እችላለሁ የሚል ስኪ በእያንዳንዱ ዓይነት በረዶ ላይ ለዚያ ብቻ ከተሠራው ማነሱ የማይቀር ነው፤ ገዢው ሊያውቅ የሚገባው በየትኛው ላይ ምን ያህል እንደሚያንስ ነው።

በረዶ ከበረዶ ይህን ያህል ይለያያል?

ይለያያል፤ ልዩነቱም በዓይን ከሚታየው ይልቅ በሚዛን ይጎላል። ነፋስ በሌለበት ብርድ የወረደ ደረቅ በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎግራም ብቻ ይመዝናል፤ የቀረው አየር ነው። በማሽን ተጠቅጥቆ የተደለደለው ከ400 ኪሎግራም ሊያልፍ ሲችል፣ ንጹሕ ግግር ደግሞ 917 ኪሎግራም ይመዝናል። ያው አንድ ጥንድ ስኪ እንግዲህ ጠዋት በአንዱ ላይ እንዲንሳፈፍ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን እንዲነክስ ይጠበቅበታል።

አካባቢም የራሱ ድርሻ አለው። በጃፓን ሆካይዶ ደሴት ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ጭኖ ስለሚደርስ፣ የሚጥለው በረዶ ብዙም ቀላልም ነው። በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግን ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው አየር ሞቅ ያለ በመሆኑ በረዶው ውሃ የበዛበትና ከባድ ነው፤ የአካባቢው ተንሸራታቾች «ሲሚንቶ» የሚል ስም ያወጡለትም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ተራራ ላይ እንኳ፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከሆነ፣ ወደ ሰሜን የዞረው ገጽ ፀሐይ ስለማያገኘው ለቀናት ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ወደ ደቡብ የዞረው በቀን ቀልጦ በሌሊት ይረጋል።

ስለ ወገብ ስፋት ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚወስን ነው። የመጀመሪያው መንሳፈፍ ነው። 180 ሴንቲሜትር ርዝመትና በአማካይ 11 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ስኪ 1,980 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥንዱ ወደ 4,000 ይጠጋል። ከነልብሱና ከነጫማው 80 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያሳርፈው እንግዲህ 20 ግራም ያህል ነው። ርዝመቱ 168፣ አማካይ ወርዱ 9 ሴንቲሜትር በሆነ ጠባብ ስኪ ላይ ግን ይኸው ሰው ከ26 ግራም በላይ ያሳርፋል፤ በቀላል በረዶ ውስጥም ያን ያህል ጠለቅ ብሎ ይሰምጣል።

ሁለተኛው ጠርዝን አቁሞ የመያዝ ጉዳይ ነው። ስኪው በጠንካራ በረዶ ላይ ወደ ጎን ሲያዘነብል ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የብረት ጠርዙ ሲሆን፣ ጠርዙ ከጫማው መካከለኛ መስመር የሚርቀው በወገቡ ስፋት ግማሽ ያህል ነው። ወገቡ 70 ሚሊሜትር ከሆነ ርቀቱ 35፣ ወገቡ 100 ከሆነ ደግሞ 50 ሚሊሜትር ይሆናል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ስኪው እግርን ወደ ጠፍጣፋነት ለመመለስ የሚያደርገው ግፊት ይጨምራል፤ ያንን ግፊት የሚቋቋሙት ደግሞ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ናቸው። በለስላሳ በረዶ ላይ ስኪው በሞላ ገላው ስለሚያርፍ ይህ ችግር እምብዛም አይሰማም። ቀኑን ሙሉ በጠጣር መንገድ ላይ በ105 ሚሊሜትር ስኪ የዋለ ሰው ግን ማታ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይነግረዋል።

ካምበርና ሮከር የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ስኪውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲያስቀምጡት መካከሉ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ፣ ወለሉን የሚነካው ከአፍንጫውና ከጅራቱ አጠገብ ብቻ ከሆነ ካምበር አለው ይባላል። ሰው ሲቆምበት ቅስቱ ይዘረጋና ክብደቱን እስከ ሁለቱ ጫፎች ያዳርሰዋል፤ በዚህም የተነሳ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ይነክሳል። ሮከር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ አፍንጫው፣ አንዳንዴም ጅራቱ፣ ከተለመደው ቀደም ብሎ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይቀናል፣ በመሆኑም በረዶ ውስጥ ከመቀርቀር ይልቅ በላዩ ይወጣል። ሐሳቡን ለዓለም ያሳየው ሼን ማኮንኪ የተባለው ታዋቂ ተንሸራታች ሲሆን፣ ከውሃ ላይ ስኪ ቅርጽ በመነሳት የነደፈው ቮላንት ስፓቱላ እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ ቀርቧል። በዚያን ጊዜ ብዙዎች እንደ ቀልድ ያዩት ቅርጽ ዛሬ በመጠኑ ያልገባበት ሁለገብ ስኪ ማግኘት ይከብዳል።

የዛሬዎቹ ሁለገቦች አብዛኞቹ ከሁለቱም ይወስዳሉ፤ ከጫማው በታች ካምበር፣ በአፍንጫው ሮከር፣ በጅራቱም ጥቂት ሮከር ይኖራቸዋል። መጠኑን ለማወቅ የአምራቹን ወረቀት ከማንበብ ይልቅ ሁለቱን ስኪዎች ሶል ለሶል (በረዶውን የሚነካውን የታች ገጻቸውን) አጋጥሞ በጎን በኩል ብርሃን የሚያልፍበትን ቦታ ማየት ይሻላል። ሁለቱ ስኪዎች ከአፍንጫቸው ጀምሮ ሳይነካኩ የሚሄዱበት ርቀት በጠንካራ በረዶ ላይ ሥራ የማይሠራው ክፍል ነው። ረጅም ሮከር ያለው የ180 ሴንቲሜትር ስኪ በተደለደለ መንገድ ላይ የ165ን ያህል አጥሮ የሚሰማው ለዚህ ነው።

በተደለደለ መንገድ ላይ ሁለገብ ስኪ ከጠባቡ ምን ያህል ያንሳል?

በረዶው ደረቅና ትኩስ ከሆነ ልዩነቱ ብዙዎች ከሚፈሩት ያነሰ ነው። ስኪ አፍንጫውና ጅራቱ ሰፊ፣ ወገቡ ጠባብ ሆኖ ስለሚሠራ፣ በጠርዙ ሲቆም የክብ ቁራጭ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የስሎቬኒያው አምራች ኤላን ኤስ.ሲ.ኤክስ የተባለውን ጎኑ ጎልቶ የተቀነጠሰ ስኪ ካስተዋወቀ ወዲህ መላው ኢንዱስትሪ የተከተለው ይህንኑ ሐሳብ ነው። የሁለገቦች የመታጠፊያ ሬዲየስ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 20 ሜትር ይሆናል፤ ለአጭር መታጠፊያ የሚሠሩት ጠባብ ስኪዎች 12 ወይም 13 ሜትር ድረስ ይወርዳሉ።

ሁለገቡ የሚያንሰው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በሚደረገው ሽግግር ነው። ሰፊ ወገብ ያለው ስኪ ከግራ ወደ ቀኝ እስኪገለበጥ ድረስ የአፍታ መዘግየት አለው፤ አጫጭር መታጠፊያዎችን የሚወድ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውላል፣ ረጃጅም ቅስቶችን የሚወድ ሰው ግን ጨርሶ ላያስተውለው ይችላል።

በግግር ላይ ስኪዬ ያዳልጠኛል፤ ጥፋቱ የስኪው ነው ወይስ የእኔ?

ብዙ ጊዜ የሁለቱም አይደለም፤ ጥፋቱ የጠርዙ ነው። በመጀመሪያ ግን በእርግጥ ግግር መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ሰዎች ግግር እያሉ የሚያማርሩት አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅጥቆ የደረቀ በረዶ ነውና። ምርኩዙ ሲወጋው ጥቂት ከገባ በረዶ ነው። ነጥሮ ከተመለሰና ከሥሩ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ነገር ከታየ ግን እውነተኛ ግግር ነው፤ በዚያ ላይ ምንም ዓይነት ሁለገብ ስኪ ምቾት አይሰጥም።

የጠርዙን ስለት ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። የአውራ ጣትን ጥፍር ጀርባ በጠርዙ ላይ አግድም፣ ያለ ጉልበት ሳብ ማድረግ ይበቃል። ጠርዙ ስል ከሆነ ከጥፍሩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ፍቅፋቂ ይቀራል፤ ከደነዘ ጥፍሩ እንደ መስታወት ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ፈተናውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በአራት ወይም በአምስት ቦታ መድገም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጠርዝ ቶሎ የሚደንዘው ከጫማው በታች፣ ማለትም ብዙ ክብደት በሚያርፍበትና ድንጋይ ብዙ በሚያገኘው ቦታ ነው። ጣትን በርዝመቱ ማሳለፍ ግን ጣትን ከመቁረጥ በቀር ስለ ስለቱ ብዙም አይናገርም።

ማዕዘኑም የራሱ ትርጉም አለው። በሁለገብ ስኪዎች ላይ ጠርዙ በሶሉ በኩል በተለምዶ 1 ዲግሪ፣ በጎኑ በኩል ደግሞ 1 ወይም 2 ዲግሪ ያህል ተስሎ ይገኛል። የጎኑን ማዕዘን ወደ 3 ዲግሪ ማድረስ ንክሻውን ያበረታዋል፤ ተወዳዳሪዎች ይህን ይመርጣሉ። ነገር ግን የቀጠነ ስለት ቶሎ ይደንዛል፣ በለስላሳ በረዶም ላይ ሳይታሰብ ይይዛል፤ ስለዚህ ለሁለገብ ስኪ ከ2 ዲግሪ ማለፍ አያስፈልግም ባይ ነኝ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የተከራየሁትን ስኪ ግማሽ ቀን ሙሉ ስረግም ቆይቼ፣ በምሳ ሰዓት ጥፍሬን ባሳልፍበት አንዳች እንኳ አልፋቀም፤ ስኪው ለበርካታ ሳምንታት ሳይሳል ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲዞር የከረመ ነበር።

ከስለቱ ቀጥሎ የሚመጣው የስኪው ውስጣዊ አሠራር ነው። ብዙዎቹ ጠንካራ ሁለገቦች በእንጨት እምብርታቸው ላይና ታች ቲታናል የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ንብርብር አላቸው። ይህ ንብርብር ስኪው በርዝመቱ እንዳይጠመዘዝ ይከላከላል፣ ንዝረትንም ይውጣል። ንዝረቱ ባልተዋጠ ጊዜ ጠርዙ በግግር ላይ እየነጠረ ስለሚሄድ፣ በረዶው ላይ የሚተወው አንድ የተያያዘ መስመር ሳይሆን የተቆራረጡ ጭረቶች ናቸው። ወደ ኋላ ዞር ብሎ የራስን አሻራ መመልከት ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው።

በጥልቅ በረዶ ላይስ?

እዚህ ላይ የጥልቀቱ መጠን ወሳኝ ነው። እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚደርስ ትኩስ በረዶ በተደለደለ መንገድ ላይ ቢወርድ፣ ስኪው ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ወለል መንካቱ ስለማይቀር ከ85 እስከ 95 ሚሊሜትር የሆነ ወገብ ያለችግር ይወጣዋል። ከ30 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ወለሉ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ተንሸራታቹን የሚሸከመው የስኪው ስፋትና ፍጥነቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ 90 ሚሊሜትር ስኪ መውረዱን አያቆምም፤ ሆኖም አፍንጫው እየሰመጠ ስለሚያስቸግር የበለጠ ጉልበትና የተረጋጋ ሚዛን ይጠይቃል።

አፍንጫው እንዳይሰምጥ ብለው ብዙዎች ወደ ኋላ ይለጠጣሉ። ጭኑ ከጥቂት መታጠፊያዎች በኋላ መቃጠል ይጀምራል፣ ስኪውም ከመሪው እጅ ይወጣል። የሚሻለው መካከል ላይ ቆሞ፣ ሁለቱን እግሮች አቀራርቦ ክብደቱን እኩል ማካፈልና ፍጥነትን አለመፍራት ነው፤ ስኪ እንደ ጀልባ ፍጥነት ሲያገኝ ከፍ ይላልና። በተደለደለ መንገድ ላይ የውጭውን እግር ብቻ መጫን የለመደ ሰው እዚህ ያንኑ ቢያደርግ የተጫነው ስኪ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል፣ እሱም በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

በረዶው በሰው ከተቆራረጠ በኋላ ለምን ያንገላታል?

ትኩስ በረዶ የወረደበት ተራራ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት በላይ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። እኩለ ቀን ላይ ለስላሳ ክምር፣ የተረገጠ ጉድጓድና የተላጠ ጠንካራ ወለል ተቀላቅለው ይገኛሉ። በእኔ ፍርድ ሁለገብ ስኪ ለስሙ የሚበቃው በጥልቁ ንጹሕ በረዶ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው፤ ተንሸራታች ቀኑን የሚያሳልፈውም በአብዛኛው በዚህ ዓይነት በረዶ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከስፋት ይልቅ ክብደት ይናገራል። አንዱ ስኪ 1.5 ኪሎግራም ብቻ የሚመዝን ቀላል ሁለገብ እያንዳንዱ ክምር ሲመታው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይወረወራል፤ 2 ኪሎግራም የሚመዝነው ክምሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ቀላል ስኪ በእጅ ሲያነሱት ደስ ይላል፣ ሽቅብ በእግር ለሚወጣ ሰውም እፎይታ ነው። ሱቅ ውስጥ ብድግ አድርጎ «ይህ ቀላል ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው ግን የገዛው ምቾት ከመኪና ማቆሚያው እስከ ገመድ መኪናው ድረስ ያለውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

በእርጥብና በሚቀልጥ በረዶ ላይ ስኪው የሚጣበቀው ለምንድን ነው?

ስኪ የሚንሸራተተው በሶሉና በበረዶው መካከል በሰበቃ ምክንያት እጅግ ስስ የውሃ ንጣፍ ስለሚፈጠር ነው። በረዶው በጣም ሲቀዘቅዝ፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ውሃው አይበቃም፤ የበረዶው ጠጣር ቅንጣቶችም ሶሉን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቁታል። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲደርስ ደግሞ ውሃው ይበዛና፣ ሁለት እርጥብ መስታወቶች እንደሚጣበቁ ሁሉ ሶሉን ይዞ ያስቀረዋል። በድንገት የፍሬን ያህል ሲይዝ ሰውነት ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግር ግን እዚያው ይቀራል።

መፍትሔው ሰምና የሶሉ ገጽ ነው። ሰም የሚመረጠው በበረዶው ሙቀት ልክ ነው፤ ለብርድ ጠንካራ፣ ለሙቀት ለስላሳ። ሶሉ ራሱ ፖሊኤቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ በማሽን በላዩ ላይ የሚቀረጹት ጥቃቅን መስመሮች ውሃውን እንደ መኪና ጎማ ጥርስ ያፈሱታል። ለእርጥብ በረዶ መስመሮቹ ጠለቅና ሰፋ ብለው ቢቀረጹ ይመረጣል። ቀድሞ ለዚህ ዓይነቱ በረዶ ተወዳጅ የነበረው ፍሎሪን ያለበት ሰም በአካባቢና በጤና ጉዳት ምክንያት ተቀባይነት አጥቷል፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከ2023–24 የውድድር ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ እንዳይውል አግዷል። ለመዝናኛ ለሚንሸራተት ሰው ተራው ለስላሳ ሰም፣ በየጊዜው እስከተቀባ ድረስ፣ ያለምንም ጉድለት ይበቃል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ከ95 እስከ 105 ሚሊሜትር የሆነ ስኪ በሚቀልጥ በረዶ ላይ ከጠባቡ ይልቅ ቀለል ይላል፤ ጠባቡ ክምሩን እየሰረሰረ ሲገባ ሰፊው በላዩ ይሄዳል።

በጸደይ ወቅት በየትኛው ሰዓት መውጣት ይሻላል?

ይህ ከስኪው ምርጫ ይልቅ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ጥያቄ ነው። በቀን የቀለጠው በረዶ ጥርት ባለ ሌሊት ሲረጋ ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ ጥራጥሬ የደረቁ ይሆናሉ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ገደማ በዚህ ላይ የወጣ ሰው ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል፤ የትናንቱ አሻራ ሁሉ እንደ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀዋልና። ፀሐይ ላይኛውን 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ካላላችው በኋላ ግን ገጹ ለስላሳ፣ ሥሩ ጽኑ ይሆናል፤ ማንኛውም ሁለገብ ስኪ፣ ያረጀውም ጭምር፣ በዚህ ላይ ያምርበታል። ይህ ዕድል ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይና በረዶው ጠልቆ ይላላል፣ ቦት ጫማውም እስከ ቁርጭምጭሚት መስመጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ወደ ሌላ ገጽ መዞር ይገባል፤ ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው ወደ ምሥራቅ የዞረውን፣ ቀጥሎ የደቡቡን፣ በመጨረሻ የምዕራቡን ስለሆነ፣ ተራራውን የሚያውቅ ሰው ፀሐይን እየተከተለ ጥሩውን በረዶ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያገኘዋል።

ቅርፊት በያዘ በረዶ ላይ የሚሠራ ስኪ አለ?

ምቾት የሚሰጥ የለም። ነፋስ ወይም ፀሐይ ላይኛውን ንጣፍ አድርቆት ከሥሩ ለስላሳ ሲሆን፣ ቅርፊቱ አንዴ ይሸከማል፣ አንዴ ይሰበራል፤ መቼ እንደሚሰበርም አያስታውቅም። አፍንጫውና ጅራቱ ሮከር ያላቸው ሰፋ ያሉ ስኪዎች ከቅርፊቱ ሥር ስለማይቀረቀሩ የተሻሉ ናቸው፤ ጅራቱ ቀጥ ያለ ጠባብ ስኪ ግን ተይዞ ይቀርና ጉልበትን ያጣምማል። ከሁሉ የሚሻለው አቅጣጫ መቀየር ወይም በሰፊው፣ በዝግታ አግድም መውረድ ነው።

ጉብታ በበዛበት ቁልቁለትስ?

ተንሸራታቾች በአንድ መስመር ደጋግመው ሲታጠፉ በረዶው እየተገፋ ጉብታ ይሠራል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ አጠር ያለ፣ ወገቡ ከ90 ሚሊሜትር ያልበለጠና አፍንጫው ለዘብ ያለ ስኪ ይመቻል። ቲታናል የበዛበት ግትር ስኪ በግግር ላይ ያስመሰገነው ባሕርይ እዚህ ዕዳ ይሆንበታል፤ አፍንጫው ጉብታውን ሲመታ ከመታጠፍ ይልቅ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

በማሽን የሚረጨው ሰው ሠራሽ በረዶ የተለየ ነው?

አዎን። ከሰማይ የሚወርደው ቅንጣት ቅርንጫፍ ያለው ክሪስታል ሲሆን፣ ከማሽኑ የሚወጣው የረጋ የውሃ ጠብታ ስለሆነ ክብና የታጨቀ ነው። በዚህ ምክንያት መንገዱ ይጠነክራል፣ ሙቀትን ይቋቋማል፣ ጠርዝንም ቶሎ ያደነዝዛል። ወቅቱ ገና ሲጀምር የሚከፈቱት መንገዶች በአብዛኛው በዚህ በረዶ የተሸፈኑ ስለሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሰፊው ስኪ ይልቅ ጠባቡን ቢይዝ፣ ጠርዙንም አስስሎ ቢሄድ ይጠቀማል።

ሰፊ ስኪ ካለኝ ከመንገድ ውጭ መውጣት እችላለሁ?

ስኪው ያወጣዎታል፤ ከናዳ ግን አይጠብቅዎትም። ሰውን የሚገድሉት የበረዶ ናዳዎች በአብዛኛው የሚነሱት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድሉ ቁልቁለቶች ላይ ሲሆን፣ ጥሩ ጥልቅ በረዶ የሚፈለገውም በእነዚሁ ላይ ነው። በ457 ኪሎኸርዝ የሚሠራ የምልክት ማስተላለፊያና መቀበያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያልያዘ፣ አጠቃቀማቸውንም ያልተለማመደ ሰው ከተከለለው ክልል መውጣት የለበትም። ብቻውን የሚወጣ ሰውም እነዚህን ቢይዝ አይጠቅሙትም፤ የሚቆፍረው ሌላ ሰው ነውና። የተቀበረ ሰው በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ መውጣትም አይገባም፤ በአውሮፓ ማስጠንቀቂያው ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ የሚገለጽ ሲሆን፣ ደረጃ 3 በመካከል ስለሚገኝ ብቻ «መጠነኛ» የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አደጋው ግን በዚያ ደረጃ ከፍተኛ ነው።

እንግዲያውስ የትኛውን ስፋትና ርዝመት ልምረጥ?

ሰዎች ስኪ የሚገዙት በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያገኙት ጥልቅ በረዶ አስበው ነው፤ የሚንሸራተቱት ግን በቀሩት ቀናት ነው። ባለፈው ወቅት በእርግጥ የዋሉበት በረዶ ምን ዓይነት እንደነበር ቢያስታውሱ መልሱ ግማሽ በግማሽ ይገኛል። አብዛኛው ቀን በተደለደለና በጠንካራ መንገድ ላይ ካለፈ ከ80 እስከ 88 ሚሊሜትር ይበቃል። ትኩስ በረዶ ደጋግሞ በሚወርድበት ተራራ ለሚውል፣ ከመንገድም ውጭ ለሚወጣ ሰው ከ95 እስከ 102 የሚመጥን ነው። በሁለቱ መካከል ሆኖ ለመወሰን ላልቻለ ሰው 90 ገደማ የሚቆጭበት ምርጫ አይሆንም።

ርዝመቱ ለጀማሪ እስከ አገጭ፣ ለልምድ ያለው ሰው ከአፍንጫ እስከ አናት ሊደርስ ይችላል፤ ሮከሩ ረጅም ከሆነ 5 ሴንቲሜትር መጨመር አይከብድም። ክብደት ከቁመት የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል፤ ስኪው የሚያውቀው የተጫነበትን ኪሎ እንጂ የባለቤቱን ቁመት አይደለምና።

ስፋት ሲቀየር ማሰሪያውም ሊቀየር ይገባል?

ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ራሱ ላይቀየር ይችላል፤ ጫማው ሲፈታ ስኪው እንዳይሸሽ የሚያቆሙት ሁለት የፍሬን ክንዶች ግን ከወገቡ መስፋት አለባቸው። ከወገቡ እስከ 15 ሚሊሜትር ድረስ ቢሰፉ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፉ ስኪው ሲያዘነብል በረዶውን ይቧጥጣሉ። ማሰሪያው የሚፈታበትን ኃይል በባለሙያ ማስተካከል ግዴታ ነው፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው ሶል ርዝመትና የአነዳድ ልማድ ሁሉ ይገቡበታል፣ አሠራሩም አይኤስኦ 11088 በተባለው መለኪያ ተደንግጓል። ከጓደኛ የተዋሱትን ስኪ ጫማው ስለገባ ብቻ ይዞ መውረድ የተሰበረ እግር የሚያስከትል ስንፍና ነው።

ጠርዙንና ሰሙን በየስንት ጊዜው ልንከባከብ?

በጠንካራ ወይም በሰው ሠራሽ በረዶ ላይ የሚውል ስኪ በየሦስትና አራት ቀኑ በአልማዝ ድንጋይ ቀለል ተደርጎ ቢሳል፣ በለስላሳ በረዶ የሚውለው ደግሞ የጥፍሩን ፈተና ሲወድቅ ብቻ ቢሳል ይበቃል። ሶሉ ከጠርዙ አጠገብ ነጣ ብሎ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ሻካራ ሆኖ ከታየ ሰም ጠምቶታል ማለት ነው። ማታ ስኪውን እርጥብ እንዳለ ቦርሳ ውስጥ መዝጋት ጠርዙን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል፤ በጨርቅ መጥረግ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወቅቱ ሲያበቃ ጠርዞቹን ጨምሮ ሶሉን በወፍራሙ ሰም ቀብቶ፣ ሰሙን ሳይፍቁ፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ሰሙ የሚፋቀው በሚቀጥለው ወቅት የመጀመሪያው ቀን ዋዜማ ነው።